ሰዓቷ እጥፍ ወጣች? እስቲ በዶላር አስላት

ሰሞኑን የደረሰኝ ደብዳቤ ይኸውና፣ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔ እዚሁ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ፣ 31 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ፈጣሪ ይመስገን ሥራው ጥሩ ነበር፣ እቁብም ደርሶኛል። አንድ የማውቀው ሰው የአጎቱ ልጅ ከዱባይ ያመጣት ሮሌክስ ሰብማሪነር አለች፣ በ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ውሰዳት እያለኝ ነው። የተገዛችው መጋቢት 2014 ላይ በ16 ሺህ ዶላር ነው። ‹ያኔ 800 ሺህ ብር ነበረች፣ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆናለች፣ ከርሞ 2 ሚሊዮን ተኩል ትገባለች› ይለኛል። ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ መሬት ግዛ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኮፒዋን በ5 ሺህ ብር አድርጋት፣ ማን ያውቅብሃል ይላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰዓት እወዳለሁ። ግን ኢንቨስትመንት ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ እንዳይሆን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል? ደግሞ እንዲህ ያለ ሰዓት በአበሻ ነው በፈረንጅ የሚሞላው? እንዳይስቁብኝ። የሂርማታው ቡና ነጋዴ።»

ወንድሜ፣ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። አልስቅብህም። እንደውም ከሌሎቹ ደብዳቤዎች ያንተን ያስቀደምኩት «ራሴን እያታለልኩ እንዳይሆን» ስላልክ ነው። ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ የሚጽፍልኝ ከገዛ በኋላ ነዋ። የአሞላሏን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አሁን ስልክህን አውጣና ሒሳብ እንሥራ።

መጋቢት 2014 ላይ ባንክ ቤት አንድ ዶላር 50 ብር አካባቢ ነበር። 16 ሺህ ሲባዛ በ50፣ 800 ሺህ። ሰውየው እዚህ ላይ አልዋሸህም። ዛሬ ዶላር 150 ብር አካባቢ ነው። እስቲ 1 ሚሊዮን 800 ሺህውን ለ150 አካፍለው። 12 ሺህ ዶላር መጣልህ አይደል? በ16 ሺህ የተገዛች ሰዓት በ12 ሺህ ልትሸጥልህ ነው። ሩብ ዋጋዋን አጥታለች ማለት ነው፣ አንተ ግን የተነገረህ እጥፍ እንደወጣች ነው። (በጥቁር ገበያ ካሰላኸው ቁጥሩ ይለዋወጣል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው።) ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወዴት እንደሄደ ለቡና ነጋዴ አልነግርም። ሰውየው ያኔ በዚያው ገንዘብ ካርቶናቸው ያልተከፈተ ፍሪጆች አስመጥቶ መጋዘን ቢቆልፍባቸው ኖሮም ዛሬ «እጥፍ ወጡ» ይልህ ነበር። መኪናም እኮ እንዲሁ ነው። እኛ አገር አምስት ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ስላየን ዕቃ በእርጅና ዋጋ የሚጨምር መስሎን ቀርቷል።

ደግሞ መጋቢት 2014 የተባለው ወር ራሱ ክፉ ወር ነው። ምን ሆነ መሰለህ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ የስዊዘርላንድ ፋብሪካዎች ለሳምንታት ተዘጉ፣ ሰዓት አነሰ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ገንዘብ አጠራቀመ፣ ወለድ ርካሽ ነበር፣ በክሪፕቶ፣ በኢንተርኔቱ ገንዘብ ማለቴ ነው፣ በአንድ ሌሊት የከበረው ወጣት ሁሉ ሀብቱን የሚያሳይበት ነገር ፈለገ። ሮሌክስ ደግሞ ሱቅ ገብተህ ይቺን ስጠኝ የምትለው ዕቃ አይደለም። ተፈላጊዎቹን ሞዴሎች ለማግኘት ወረፋ አለ፣ ወረፋው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ያገለገለችው ከአዲሷ በላይ መሸጥ ጀመረች። ዴይቶና የምትባለው የብረት ሮሌክስ ሱቅ ውስጥ 15 ሺህ ዶላር እንኳ ሳትሞላ ውጭ ላይ ከ40 ሺህ በላይ ገባች። ፓቴክ ፊሊፕ የሚባለው ሌላው የስዊዝ ሰዓት ድርጅትም ኖቲለስ 5711 የምትባል ሞዴል ነበረችው፣ ሱቅ ውስጥ 35 ሺህ ዶላር አካባቢ፣ እሷንም ድርጅቱ በ2021 መሥራት አቆመ። ያኔ ገበያው አበደልህ። ከ150 ሺህ ዶላር በላይ ተጠራች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የጌጣጌጥ ቤቱ የቲፋኒ ስም ያለባት፣ ፊቷ ውኃ ሰማያዊ የሆነች አንዷ 5711 ኒውዮርክ ፊሊፕስ ጨረታ ላይ 6 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ወጣላት። የብረት ሰዓት ናት እኮ! ወርቅም አይደለች።

ከዚያ በ2022 ወለድ ወደ ላይ፣ ክሪፕቶ ወደ ታች። ሰዓት ቆልለው የያዙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊሸጡ ወጡ። ይሄ ታሪክ የት የምታውቀው ይመስልሃል? ጀንፈል ነው፣ ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና። «ገና ይጨምራል» ብሎ መጋዘን የቆለፈ ሁሉ አንድ ቀን ጠዋት በሩን ሲከፍት ዋጋው ወርዷል፣ ገዥውም ሌላው ጋ ሄዷል። በጣም የተሰቀሉት፣ ዴይቶናና ኖቲለስ፣ የሌላው የስዊዝ ድርጅት የኦደማር ፒጌ ሮያል ኦክም፣ በጣም ወረዱ። ሰብማሪነር ብዙ አልተሰቀለችም፣ ብዙም አልወደቀች፣ ያም ሆኖ ወርዳለች። የሻጭህ ዘመድ እንግዲህ የገዛው ልክ ጣሪያው ላይ ነው። አያሳዝንም አልልም። ግን የእሱን ኪሳራ አንተ የምትሸፍንበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁንስ ገበያው እንዴት ነው ብትለኝ፣ ከዚያ እብደት ወርዶ ተረጋግቷል። ሮሌክስ በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ ላይ የሱቅ ዋጋውን ትንሽ ከፍ የማድረግ ልማድ አለው። ወርቅም በ2025 በአውንስ ከ4 ሺህ ዶላር አልፎ ስለነበር የወርቅ ሰዓቶች ተወደዋል። በዚያው ዓመት አሜሪካ በስዊዘርላንድ ዕቃ ላይ 39 በመቶ ቀረጥ ጥላ ኋላ ወደ 15 አወረደችው። ይሄ ሁሉ ዋጋውን ወዲህና ወዲያ ይገፋዋል። ግን ከርሞ 2 ሚሊዮን ተኩል ትገባለች ለሚለው ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ በዶላር ስንት? መልሱን ከሰማህ ንገረኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ይሄን ይስታል። ሲሸጥ ከዋጋው በላይ የሚያወጣው ሰዓት ጥቂት ነው። አንዳንድ ሮሌክስ፣ አንዳንድ ፓቴክ፣ አንዳንድ ኦደማር ፒጌ። የቀረው የቅንጦት ሰዓት ሁሉ ገዝተህ ከሱቁ በር ስትወጣ ዋጋው ይወርዳል፣ አንዳንዱ ግማሹን። «ስዊዝ ነው» ተብሎ የሚቀርብልህን ሁሉ ዓይንህን ጨፍነህ እንዳትገዛ።

እሺ፣ ገዛኻት እንበል። መቼ ትሸጣታለህ፣ ለማን? ቡና ጠዋት ይዘህ ብትወጣ ማታ ሳይሆን ትሸጠዋለህ። 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ለእጅ ሰዓት የሚከፍል ሰው ጅማ ውስጥ ስንት አለ? ካለም ያውቅሃል፣ ለምን እንደምትሸጥም ያውቃል፣ በዚያው ልክ ይቆርጥልሃል። አዲስ አበባ ብትወስዳት ደላላ ይገባባታል። ዱባይ ብትልካት ነጋዴው የሚያተርፍበትን ቀንሶ ነው የሚገዛህ። ጥቅምት ላይ እሸት ቡና መምጣት ሲጀምር፣ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ሲፈልግ፣ አንተ ገንዘብህን እጅህ ላይ አስረህ ሰዓቱን ስትቆጥር አይታየኝም። እቁቡስ? ቀድሞ ደርሶህ ከሆነ ገና ትከፍላለህ። የእቁብ ብር ግማሹ ዕዳ ነው፣ በዕዳ ሰዓት አይገዛም።

ወደ ሰዓቷ እንምጣ። ኦርጂናል መሆኗን በምን አወቅህ? አያቶቻችን በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ገበያ ላይ ማርትሬዛ፣ የእቴጌ ማሪያ ትሬዛ ምስል ያለበትን ብር፣ ሲቀበሉ እንዲሁ አይቀበሉም ነበር። የእቴጌይቱን ዘውድ ፈርጦች በጣታቸው እየዳሰሱ ይቆጥራሉ፣ ያለቀ ብር ከሆነ ይመልሱታል። አንተ ከአንድ ብር በላይ ልትከፍል ነውና ቢያንስ እንደ እነሱ ሁን።

እኔ አልሆንኩም። በወጣትነቴ ከአንድ መናኸሪያ ደጃፍ ላይ አንድ ሰውዬ «ወንድሜ ችግር ላይ ወድቄ ነው እንጂ አልሸጣትም ነበር» ብሎ የወርቅ ራዶ ሸጠልኝ። የሁለት ወር ደመወዜን ሰጠሁት፣ እንዲያውም አዘንኩለት። በሳምንቷ ቆመች። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ጀርባዋን ከፈቱና ምንም ሳይናገሩ አዙረው አሳዩኝ። ውስጧ የላስቲክ ማሽንና አንዲት ባትሪ፣ የቀረው ባዶ። ለከፈቱበት አላስከፈሉኝም። ያ ነው ከሁሉ የከፋኝ።

ያኔ የውሸት ሰዓት በባትሪ ስለሚሠራ ሰከንድ ቆጣሪዋ ቀጭ ቀጭ ካለች ፌክ ናት ይባል ነበር። አሁን ያ አይሠራም። የዛሬ ኮፒዎች እንደ ኦርጂናሏ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ ማሽን አላቸው፣ ቆጣሪያቸው ይንሸራተታል፣ ክብደታቸውም ልክ ነው። ግን አንዳንድ ኮፒ ሠሪ ገዥውን ሊያስደንቅ ብሎ ጀርባዋን መስታወት ያደርገዋል፣ ማሽኑ እንዲታይ። የብረት ሰብማሪነር ጀርባዋ ድፍን ብረት ነው። መስታወት ካየህ ሻዩን ጠጥተህ ላሽ በል። ቀኗ ላይ ያለችው አጉሊ መነጽር ቁጥሩን ሁለት ተኩል ጊዜ ማጉላት አለባት። በአዲሶቹ ላይ ተከታታይ ቁጥሩ ከመስታወቱ ስር ባለው የውስጥ ቀለበት ላይ ተቀርጿል፣ እሱን ከዋስትና ካርዱ ጋር አስተያየው። ሞዴል ቁጥሯንም ጠይቅ። በ126610 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሞዴል ነው፣ በ116610 የሚጀምረው ከሱ በፊት የነበረው ነው፣ ዋጋቸው አንድ አይደለም። ከዚያ ክሮኖ24 የሚባለው የኢንተርኔት የሰዓት ገበያ ገብተህ የዚያችኑ ቁጥር ዋጋ ከነካርዷና ከነሳጥኗ ተመልከት፣ ግን ሻጭ የሚጠራው ዋጋና በእውነት የሚሸጥበት አንድ እንዳልሆነ አትርሳ፣ እንደ ገበያችን ነው። ይህም ሁሉ አልፎ የመጨረሻው ምርመራ ጀርባዋ ተከፍቶ ነው። ጅማ ላይ ባትሪና ማሰሪያ የሚቀይሩ፣ አሮጌ ሰዓት ነፍስ የሚዘሩ ጎበዞች አሉን። ሮሌክስ ግን የጀርባ መክፈቻዋ የራሷ መሣሪያ አላት፣ መለዋወጫዋንም ድርጅቱ ለውጭ ሰው አይሸጥም። ስለዚህ መስማማት ካለብህ «አዲስ አበባ ወይ ዱባይ የሚያውቅ ባለሙያ ከፍቶ ያይልኝና እከፍላለሁ» በል። እምቢ ካለ እሱም መልስ ነው።

ወረቀቱን እንደ ቀልድ አትየው። ቀረጥ የተከፈለበት ነው? ከማን ለማን ተላልፋለች? የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረች አንዲት ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ልትቀርብ ተሰናድታ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ተነሳባትና ከሽያጩ ወጣች። የንጉሥ ሰዓት በባለቤትነት ጥያቄ ከቆመች የአጎት ልጅ ሰዓት አትቆምም ያለህ ማን ነው?

አሁን ወደ ጓደኞችህ። መሬት ግዛ ያለህን አልነካውም፣ ያ ሌላ ደብዳቤ ነው። ኮፒዋን አድርግ ያለህ ግን ተሳስቷል። «ማን ያውቅብሃል» ይላል። አንተ ታውቃለህ። ደግሞ ሂርማታ ውስጥ ሰው የሚያምንህ በቃልህ ነው፣ በኩንታል ሚዛንህ ነው። እጅህ ላይ ያለው ውሸት መሆኑን አንድ ከዱባይ የመጣ ልጅ ለይቶ ሙድ የያዘብህ ቀን ሚዛንህም ይጠረጠራል። መልኳን ከወደድክ የሰብማሪነርን ቅርጽ ይዘው ግን የራሳቸውን ስም ጽፈው የሚሸጡ ሰዓቶች ሞልተዋል። አንዳንዶቹ ውስጣቸው የሴይኮ ማሽን ነው፣ ሴይኮ ማሽኑን ለሌሎች ስለሚሸጥ። ያ ኮፒ አይደለም፣ ስሙን አልሰረቀም።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ቀጥታ ወደ ሴይኮ ሂድ። አባቶቻችን «ሴኮ ፋይቭ» የሚሏት እኮ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አለች። ባትሪ የላትም፣ በእጅህ እንቅስቃሴ ትሞላለች፣ ቀንና ዕለቱን በአንድ መስኮት ታሳያለች። ይህ ድርጅት በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰዓት ቆጣሪ ነበር፣ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ሲደግም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ብሎ የለካው ማለት ነው። ለእኔ ከየትኛውም የጨረታ ታሪክ ይበልጣል፣ አድሎ ነው ካልከኝም እሺ። አዲሷ ስፖርት ሞዴል 300 ዶላር አካባቢ ናት፣ የሻጭህን ሰዓት አርባ ቦታ ብትቆርጠው አንዱ ቁራጭ ማለት ነው። ብትሰበር እዚሁ ትጠገናለች።

ትንሽ ከፍ ልበል ካልክ ቲሶ ፒአርኤክስ አለች፣ አውቶማቲኳ ስዊዝ ናት፣ ዓርብ አውልቀህ ሰኞ ብታነሳት አልቆመችም፣ 80 ሰዓት ትይዛለችና። ዋጋዋ ከ700 ዶላር በላይ ነው። ከዚያም በላይ ከሆነ ቱዶር። የሮሌክስ መሥራች ሃንስ ዊልስዶርፍ ራሱ ያቋቋመው ነው፣ ዛሬም ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የብዙዎቹ ሞዴሎቹ ዋጋ የሰብማሪነር ግማሽ እንኳ አይሆንም። ሰዓት ለማወቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ንገረኝ ካልክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የምትሸጠው ላስቲኳ ካሲዮ ኤፍ-91 በትክክለኛነት ሮሌክስን ትበልጣለች። ሮሌክስ የሚመካበት በቀን 2 ሰከንድ ስህተት በወር አንድ ደቂቃ ይሆናል፣ ካሲዮ በወር 30 ሰከንድ ነው የምትለው። ፏ አያደርግህም እንጂ።

ፏ ማለትህን ደግሞ አልነቅፍም። ሠርተህ አግኝተሃል፣ ደስ ያለህን ብትገዛ ማንም አይናገርህ። 300 ሜትር ጥልቀት ትቋቋማለች የምትባል ሰዓት አስረህ በአዌቱ ድልድይ ብታልፍስ ምን አለበት። እኔ የምጠላው «ኢንቨስትመንት» የምትለዋን ቃል ነው፣ ምክንያቱም እሷ ስትገባ ሰው ከሚችለው በላይ ይከፍላል። ስለዚህ ይሄን አድርግ። ዘንድሮ እምቢ በለው። ሴይኮዋን ግዛና አንድ የቡና ወቅት አስራት። ዓመቱ ሲዞር የእቁብ ዕዳህ ካለቀ፣ የመግዣ ገንዘብህ ካልተነካ፣ አሁንም ሰብማሪነር በሕልምህ የምትመጣ ከሆነ፣ ዋጋዋ በግማሽ ብትወርድ እንኳ የማትቆጭበት ብር ካለህ፣ ያኔ ሻጩን በዶላር አነጋግረው። እስከዚያ ካልሸጣት ደግሞ ገዥ እንዳጣች ታውቃለህ፣ ዋጋውን እሱ ራሱ ያወርድልሃል።

የአሞላሏ ነገር። በአበሻም በፈረንጅም ሙላት፣ ሰዓቷ ግድ የላትም። የእኛና የእነሱ ልዩነት 6 ሰዓት ነው፣ 6 ሰዓት ደግሞ በሰዓት ፊት ላይ ልክ ተቃራኒው ነው። በአበሻ ከሞላሃት የሰዓት ቆጣሪዋ፣ የአጭሯ፣ ጫፍ ለአንተ ይናገራል፣ በስተኋላዋ በኩል ያለው ደግሞ ለፈረንጁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ያለው ላኪ ደውሎ በፈረንጅ ስንት ነው ካለህ ከቆጣሪዋ በስተኋላ ተመልከትና 9 በለው።